የኔ ኪንታሮት አማቴ ስልክ ላይ ምን ይሠራል?

ክሩ፣ ማለትም የኔ ፖስትና ሥሩ የተደረደሩት መልሶች፣ 24 መልስ ደርሷል። አሁንም አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ ሳያነብ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ ይጠይቃል። ስለዚህ እኔው እንደጀመርኩት እኔው ልሰብስበው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱ ቤተሰብ መሀል የሚነበብ አይደለም።

ለማያውቁ፣ መነሻው ፖስት የኔ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ሌሊት፣ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ፣ ስለ ኪንታሮት ጎግል ላይ ሰርች አደረግኩ። ከቱሉ ዲምቱ መገናኛ ድረስ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቆ የሚሄድ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። ለባለቤቴም አልነገርኳትም። እሁድ ቃሊቲ አማቴ ቤት ቡና ልንጠጣ ሄድን። ሁለተኛውን ስኒ ሲያቀብሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተልባ ዘፍዝፌ ጠዋት ጠዋት እንድጠጣ መከሩኝ። በርበሬም እንድቀንስ። ላብ አጠመቀኝ። ኋላ ስጠይቃቸው ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ። የመፈለጊያውን ሳጥን ሲነኩት የኔ ጥያቄ፣ በኔው አጻጻፍ፣ በኔው የፊደል ስህተት ተደርድሮ ይመጣል። ማን እንደጻፈው ስልኩ አልነገራቸውም። እኔ ወንበር ላይ ስገላበጥ አይተው ራሳቸው ደመሩት። ጡረተኛ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው።

ያን ማታ ተናድጄ ጻፍኩ። መፈለጊያ የሚባለው ሁሉ ሚስጥራችንን እየሸጠ ነው አልኩ፣ እስከ አማት ድረስ። ከዚህ በኋላ ማንን አምነን እንጠይቅ ብዬ ጨረስኩ።

መልስ 1 ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ሰውየው ስልኩ እንደሚሰማን አልተጠራጠረም። ከባለቤቱ ጋር ስለ ሶፋ ሲያወሩ አምሽተው ጠዋት ስልኩ ሶፋ በሶፋ ሆኖ ጠበቀው። 19 ሰው ላይክ አደረገለት። አልዋሽም፣ አንዱ እኔ ነኝ።

መልስ 2 ጨዋ ነበር። ገላን የሚኖር ሶፍትዌር ሠሪ ልጅ ነው፤ አንደኛውን ጋሼ እያለ ነው ያረመው። እሱ እንደሚለው ለሶፋው ማይክ አያስፈልግም። ባለቤቱ ቀን ላይ ሶፋ ፈልጋ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው። የሆነ የሶፋ መሸጫ ገጽ ከፍታ ከሆነ ደግሞ እዚያ ገጽ ውስጥ የተቀበረች መከታተያ ኮድ ብቻዋን ትበቃለች። ቀጥሎ እኔን አረመኝ። ኩባንያዎቹ ስማችንን ከነጥያቄያችን ጠርዘው ለገዢ አይሰጡም፤ የሚሸጡት ዓይናችን የሚያርፍበትን ቦታ ነው። አስተዋዋቂው ሶፋ ለሚፈልግ ሰው እንዲታይለት ከፍሎ ይወጣል፣ ሰውየው ማን እንደሆነ ግን አይነገረውም። ስለዚህ የኔ ነገር ወደ አማቴ የሄደው በሌላ መንገድ መሆን አለበት ብሎ ጠረጠረ። ያኔ ማንም ልብ አላለውም። እኔም።

መልስ 3 ላይ ቁጣው ጀመረ። ሸጠም አከራየም ምን ለየው የሚል ነው። የቤት ደላላ ቁልፍህን ይዞ በቀን አሥር ሰው እያስገባ ቢያስጎበኝና ስትጠይቀው ቤትህን መቼ ሸጥኩት ቢልህ ደስ ይልሃል ወይ ሲል ሁለተኛውን አፋጠጠው። ምሳሌዋ ጥሩ ናት። እዚህ ሰፈር ቤት ያከራየ ሁሉ ገብታዋለች።

አራተኛው ባንዲት መስመር ገላገለን። ኢንኮግኒቶ (ታሪክ የማያስቀምጠውን የብራውዘር መስኮት) ተጠቀሙ፣ አለቀ።

አላለቀም። መልስ 5 የጻፈችው ልጅ ባንክ ቤት አይቲ ክፍል ነው የምትሠራው። ኢንኮግኒቶ ታሪኩን የሚደብቀው ከራስህ ስልክ ብቻ ነው፣ ማለትም ከሚስትህና ከልጅህ። የምትከፍተው ገጽ ያይሃል። ጎግል ራሱ በዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ውስጥ ተከሷል። ከሳሾቹ የጠየቁት ቢያንስ 5 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በ2024 ሲስማሙ ኩባንያው በኢንኮግኒቶ ጊዜ የሰበሰበውን በቢሊዮን የሚቆጠር መዝገብ ለማጥፋት ተስማማ፤ በስምምነቱ ለተጠቃሚዎች የሚከፈል ገንዘብ ግን አልነበረም። አራተኛው ሰውዬ ተመልሶ አልመጣም።

ስድስተኛዋ ነርስ ናት። ከሁሉም መልስ ልቤን የነካው የሷ ነው። ወጣቶች ክሊኒክ ከመምጣታቸው በፊት ስልክ እንደሚጠይቁ ጻፈች፤ ሐኪም ፊት የሚያፍሩበትን ሁሉ እዚያ ላይ ይጽፉታል። አንዲት ልጅ ግን መጥታ የምትፈራው ጎግልን ሳይሆን ታላቅ ወንድሟን ነበር። ቤት ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው፣ ማታ ማታ ወንድምየው ይዞት ይተኛል። ነርሷ ያን ቀን ልጅቷን ያስተማረቻት ስለ መድኃኒት አይደለም። የፈለገችውን ነገር ከስልኩ ላይ እንዴት እንደምታጠፋ ነው።

ከዚህ በኋላ ትንሽ ዝም ይባላል ብዬ ነበር። የት ተብሎ! መልስ 7 መጣ። ንጹሕ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም የሚለው የታወቀው ሙግት ነው፣ በዚያ ላይ ነርሷን ልጆች መደበቅ ታስተምሪያለሽ ወይ ብሎ ወቀሳት።

መልስ 8 ሰውየውን በስም ሳይሆን በብሎክ ቁጥር ጠራው። ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። መስኮቱ ላይ የሰቀለው ወፍራሙ ቡናማ መጋረጃ ለምን እንደሆነ ጠየቀው። ሌባ ነው? ምን ይደብቃል? ኮንዶሚኒየም ውስጥ እርስ በርስ ምግባችንን ሳይቀር እየተያየን የምንኖር ሰዎች ይህን ሙግት ማስረዳት አያስፈልገንም። ከ40 በላይ ላይክ አገኘ።

እናም እንደተለመደው ክሩ ወደ መጋረጃ ሄደ። ዘጠነኛዋ መጋረጃው ከየት እንደተገዛና ሜትሩ ስንት እንደሆነ ጠየቀች። መልስ 10 ደግሞ መጋረጃ ማጠቢያ ውሃ የት አለና ብሎ ስንት ቀን እንደጠፋ መቁጠር ጀመረ። ልሰርዘው አስቤ ተውኩት። ልክ ነዋ።

በመልስ 11 ወደ ጉዳዩ የመለሱን በዕድሜ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፣ ጋዜጠኛ ነበሩ። ያወሩት እ.ኤ.አ. በ2006 የሆነውን ነው። ኤኦኤል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለተመራማሪዎች ይጥቀም ብሎ የ650,000 ያህል ተጠቃሚዎቹን የሦስት ወር ፍለጋ በይፋ ለቀቀው። ወደ 20 ሚሊዮን ጥያቄ። ስም አጥፍቶ በቁጥር ተክቶ ነው የለቀቀው፣ ማንም አይታወቅም ተብሎ። የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች አንዷን ቁጥር ይዘው ጥያቄዎቿን ተከተሉ። የምትኖርበት ከተማ፣ የዘመዶቿ ስም፣ ሕመም፣ ስለ ውሻ። በጥቂት ቀን ውስጥ የአንዲት የ62 ዓመት ሴት በር አንኳኩ። እሳቸው ሲጨርሱ አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። እያንዳንዳችን ያለፈውን ሳምንት ፍለጋችንን እናስበው። የብሎካችንን ስም፣ የልጃችንን ትምህርት ቤት፣ የምንሠራበትን ቦታ ያልጻፈ ማን አለ? ሦስቱ ከተገጣጠሙ ስም ምን ያደርጋል?

እኔ አሰብኩት። ባላስበው ይሻል ነበር።

መልስ 12 ዳክዳክጎ የሚባለውን ሌላ መፈለጊያ ይዞ መጣ፣ ፍለጋህን ከስምህ ጋር አያስቀምጥም ብሎ። መልስ 13 ሞክራዋለች፤ በእንግሊዝኛ ደህና ነው፣ በአማርኛ ግን ውጤቱ ይሳሳል። በነገራችን ላይ አማርኛ ስንፈልግ የኛም ጣጣ አለበት። ሐኪም እና ሀኪም፣ ሠርግ እና ሰርግ፤ አንዱን ስትጽፍ የሌላው ገጽ ሊያመልጥህ ይችላል። ልጅቷ ጨምራም ዳክዳክጎ አብዛኛውን ውጤቱን ከማይክሮሶፍት መፈለጊያ ከቢንግ እንደሚያመጣ ጻፈች፣ እ.ኤ.አ. በ2022ም ብራውዘሩ በውላቸው ምክንያት አንዳንድ የማይክሮሶፍት መከታተያዎችን እንደሚያሳልፍ ተደርሶበት እንደነበር። ከጥቂት ወር በኋላ አስተካክሏል። እሷ አሁንም ትጠቀምበታለች፣ ግን ታቦት አላደረገችውም።

አሥራ አራተኛው ሰውዬ ነገሩን ከሌላ ወገን አነሳው። ጎግልን እሱ መቼም መርጦት አያውቅም፤ ስልኩ ይዞት ነው የመጣው። አሜሪካ ውስጥ በነበረው ክስ ጎግል ስልክና ብራውዘር ላይ ቀድሞ ለመገኘት እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 26.3 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ ተገልጧል፤ ዳኛውም በነሐሴ 2024 ሞኖፖሊውን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል ብለው ወስነዋል። በነጻ ለሚሰጥ ነገር ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ምን እንደሚያገኝ ጠይቆ ሄደ።

መልስ 15 የሁላችንም ጥያቄ ነበር። ዳታ የምንገዛበት ቴሌኮም የምንፈልገውን ያያል ወይ? መልሱን የሰጠው ያው የገላኑ ልጅ ነው፣ እዚያው ሥር ስለሆነ ቁጥር አልተሰጠውም። ፍለጋው ከተመሰጠረ ቆይቷል፣ ጎግል ለሁሉም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። መስመሩን የሚያቀርበው የትኛው ድረ ገጽ እንደሄድክ ያያል፣ ሳጥኑ ውስጥ የጻፍከውን ግን አያነብም። በነጻ ቪፒኤን (መስመርህን በሌላ ኩባንያ በኩል በሚያሳልፍ መተግበሪያ) የሚመካውም ሰው ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ አልሸፈነም።

አሥራ ስድስተኛው ጠበቃ ነው ብዬ ገምታለሁ፣ ምክንያቱም በአንቀጽ ነው የሚያወራው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወት የመከበር መብት አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃዬ ይታረም፣ ይጥፋ ማለት መብት ነው። መልስ 17 ቀለደበት፦ ማመልከቻውን በየትኛው መስኮት ላስገባ፣ ካሊፎርኒያ ያለው ሰውዬ ወረዳችን መጥቶ ይፈርማል ወይ? ጠበቃው ተናደደ። ሕግ ሳያነቡ መቀለድ የተማረ ሰው ሥራ አይደለም አለ፣ ሌላኛውም መለሰለት፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አልፌዋለሁ።

መልስ 18 ረጅም ነው፣ ግን አንብቡት። ሴትየዋ ለልጇ የውጭ አገር የትምህርት ጉዳይ የሚያስፈጽም ድርጅት ፈልጋ ከላይ የመጣውን የመጀመሪያውን ደወለች። ለመመዝገቢያ 3,500 ብር ላከች። ስልኩ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። የመጀመሪያው ውጤት ማስታወቂያ እንደነበር ያወቀችው በኋላ ነው፣ ከላዩ ላይ ስፖንሰርድ የምትል ትንሽ ጽሑፍ ነበረች። ላይ የመጣ ሁሉ ተመርምሮ ያለፈ ነበር የሚመስላት። ሥሯ ላይ የቀድሞው ጋዜጠኛ ተመልሰው አንድ ነገር ጣል አደረጉ። የጎግል መሥራቾች ራሳቸው፣ ገና ተማሪዎች ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጽሑፍ፣ በማስታወቂያ ገንዘብ የሚኖር መፈለጊያ ከተጠቃሚው ይልቅ ወደ አስተዋዋቂው እንደሚያደላ ጽፈው ነበር። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ሴትየዋም ብታውቅ 3,500 ብሯ አይመለስም።

ከዚያ መልስ 19። የኮሌጅ ተማሪ ነው፣ የጻፈው ሁለት መስመር ነው። ስልኩን ስገዛ አካውንቱን ማን እንደከፈተልኝ ጠየቀኝ። የአማቴንስ?

ልቤ ድንግጥ አለ። ሁለቱንም ስልክ የገዛሁት እኔ ነኝ፣ ከአንድ ሱቅ፣ በአንድ ቀን። የሱቁ ልጅ ጂሜይል አለህ ወይ ሲለኝ የለኝም አልኩት፣ እሱ ነካ ነካ አድርጎ ቴሌግራሙንና ሌላውን ሁሉ አውርዶ ሰጠኝ። 200 ብር። አማቴንም እንደዚያው።

መልስ 20 የኔው ነው። በተማሪው ምክር ጎግል ላይ ከላይ ጥግ ያለችውን የአካውንት ክብ ተጫንኩ። የማላውቀው ጂሜይል ነው። የአማቴንም በስልክ አስነበብኳቸው፣ ያው እሱ ራሱ። አካውንቱ አንድ ከሆነ የፍለጋ ታሪኩም አንድ ነው፣ አንዱ የጻፈው ሌላው ስልክ ላይ ይመጣል። የተገናኙ መሣሪያዎች የሚለውን ስከፍት አራት ስልክ አለ። አንዱ የኔ ሳምሰንግ፣ አንዱ የአማቴ ቴክኖ፣ ሁለቱን ግን አላውቃቸውም። ያኔ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ለካ ሳጥኔ ውስጥ አንዳንዴ የሚመጡት ነገሮች ስልኩ የሚጠቁመኝ አልነበሩም! እንቁላል ጣይ ዶሮ ሲያነክስ ምን ይደረጋል። የሳውዲ ቪዛ። ፍቺ ሲፈጸም ኮንዶሚኒየም እንዴት ይከፈላል። ሰዎች ናቸው። ሁለት ሰዎች ጓዳቸውን ለእኔ ከፍተው፣ እኔም የኔን ለነሱ ከፍቼ፣ ስንት ወር አብረን ኖረናል። የፍቺዋ ጥያቄ ላይ መጀመሪያ ያደረግኩት የባለቤቴን ስልክ ማየት ነው። የሷን ወንድሟ ነው ያመጣላት፣ አካውንቱም የራሷ ነው። ተነፈስኩ። ግን የዚያ ሰው ቤትስ?

መልስ 21 ላይ ሰፈሩ ተነሳ። የሱቁን ስም አውጣ አሉኝ። አላወጣሁም። ይከሰስ ያለም ነበር፣ ሌባ ያለም።

መልስ 22 ራሱ ባለ ሱቁ ነው። አንዱ ነግሮት ገባ። ጨዋነቱ አስገረመኝ፣ ንዴቱም ነበረበት። እሱ እንደሚለው ለቀን ሠራተኛው፣ ለእናቶች፣ ለሁሉም አካውንት የሚከፍተው እሱ ነው። ማረጋገጫ የሚላክበት ስልክ ቁጥር ላይ ደጋግሞ መክፈት አይቻልም፣ ወረፋ ሲበዛ ያለውን አካውንት ያስገባል። ፓስዎርድ ሰጥቷቸው በሳምንቱ ረስተው የሚመጡት ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ደብተር አለው። አዎ፣ ደብተር፤ ስም፣ ጂሜይል፣ ፓስዎርድ። አንዱንም ከፍቶ አይቶ እንደማያውቅ በልጆቹ ማለ። አሥር ዓመት ሲያገለግለን የምን ግላዊነት ብለን ጠይቀነው እንደማናውቅም ጨመረ። ቅዳሜ እንምጣ፣ በነጻ ይለያየናል።

መልስ 23 የገላኑ ልጅ ነው፣ በዚህ ክር ውስጥ ያልተናደደ ብቸኛው ሰው። ባለ ሱቁን መስቀል ኩባንያውን ነጻ አያወጣም፣ ኩባንያውን መርገምም ደብተሩን አያቃጥልም ባይ ነው። ከዚያ ሥራ ሰጠን። አዲስ አካውንት በራስ ስልክ ቁጥር። የድሮውን ከስልኩ ማስወጣት። ከዚያ አካውንቱ ውስጥ ዳታ እና ግላዊነት የሚለው ጋ ገብቶ የፍለጋ ታሪክ ራሱ እንዲጠፋ ማዘዝ፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የተከፈተ አካውንት ካልነኩት 18 ወር ነው የሚያቆየው፣ ወደ 3 ወር ማውረድ ይቻላል።

መልስ 24፦ ውሃ መጥታለች፣ ባልዲ አውጡ።

ቅዳሜ ሄድኩ። ከሱቁ ደጃፍ እስከ ጉሊቷ ድረስ ሰልፍ ነው፣ ግማሹ ከክሩ የማውቀው ሰው። ደብተሩ የተማሪ ደብተር ነው፣ ጠርዙ ዘይት ነክቶታል። የኔን ገጽ ፈልጎ ቀደደና ሰጠኝ። ሁለቱን የማናውቃቸውን ሰዎች ደውሎ እንዲጠራቸው ቃል አስገባሁት። ስማቸውን አልጠየቅኩም።

ከዚያ የአማቴን ስልክ ለማስተካከል ቃሊቲ ሄድኩ። የድሮው ሲወጣ ሳጥኑ ባዶ ሆነ። አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ሦስቴ ነካኩት። ግቢያቸው ውስጥ ስድስት ዶሮ አላቸው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ዶሮዎቹን ሲያክሙ የኖሩት ያ ሰውዬ የጠየቀውን እየከፈቱ በማንበብ ነው ለካ። አሁን ባለ ዶሮው የት ሄደ ብለው ተቆጡኝ። ሱቁ ከደወለለት ስልክ ቁጥሩን እንዳመጣላቸው አዘውኛል።